ዓሣው ከገዛ ባሕራችን

ጃንዋሪ 12፣ ሰኞ

ዛሬም ሲዘንብ ዋለ። የአውቶቡስ መጠለያው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል፤ ለአምስተኛ ጊዜ ልጽፈው ነው። መገንጠያው ላይ የተጠበሰ ዶሮ ቤት ሊከፈት ነው፣ ቀይ መብራት ሰቅለዋል። የልብስ ሰፊው የሚስተር ራምላል ሱቅ ፀጉር ቤት ሆኗል። ከድልድዩ ማዶ የናቱቫ መንደር ባላባት ራቱ ኤሮኒ ከገና ጀምሮ እንደታመሙ ናቸው ይባላል። የሰው ሕመም ዜና አይደለም፤ አልጽፈውም።

ለዚህ ሳምንት «የዳርቻው ወሬ» ይህ ይበቃል። አንድ ወረቀት በፊትና በጀርባ፣ ሦስት መቶ ቅጂ፣ በየሱቁ ባንኮኒ ላይ። ሠላሳ ዓመት ሱቫ ከተማ ፖስታ ቤት ስሠራ የማንንም ደብዳቤ ከፍቼ አላውቅም። ጡረታ ስወጣ ግን አፌ ተከፈተ፤ ይህን የምትለው ልጄ ናት።

ልቤን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ልጄ ኡናይሲ ምግብ ቤቷን የምትከፍተው በ24 ነው፤ አሥራ ሁለት ቀን ቀረው። ዘጠኝ ዓመት ኦክላንድ የሆቴል ወጥ ቤት ሠርታ ነው የመጣችው። ሆቴሉ ቦታዋን እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ይዞላታል። «እስከዚያ ካልሆነልኝ እመለሳለሁ፣ እማዬ» አለችኝ ትናንት፣ ጨው አቀብዪኝ እንደማለት አድርጋ። እኔም «እንዳሻሽ» አልኩ። እንዳሻሽ ያለው አፌ ይቆረጥ! ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት።

ጃንዋሪ 15፣ ሐሙስ

የኡናይሲ ምግብ ቤት የሚሆነው የድሮው የብስክሌት መጠገኛ አሁን ሰማያዊ ተቀብቷል። አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ ምድጃ፣ ከመስኮቱ ባሕር ይታያል። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ፣ እንደማንኛውም ባለሱቅ ልጠይቃት።

«ዓሣው በየጠዋቱ ከካንዳቩ ደሴት ከሚመጣው ጀልባ የሚገዛ። ካሳቫና ጎደሬ፣ በኮኮናት ወተት። ቅዳሜ ቅዳሜ የዓሣ ራስ ሾርባ። በቃ፤ ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ።»

«እኔ መቼ ጨምሬ አውቃለሁ?»

ሳቀች፣ እጇ ላይ ያለው ቀለም መሬት ላይ እስኪንጠባጠብ። «እማዬ፣ ፀጉር አስተካካዩን ‹ከሲድኒ የመጣ› አላልሽውም? ሰውየው ሲድኒን የሚያውቀው በካርታ ነው።»

ነጠላ ጫማዋን አውልቃ መሬቱን ስትወለውል አየኋት። እንደ ልጅነቷ ምላሷን ጥርሷ ላይ አድርጋ ነው የምትሠራው። ብትሄድ ምን እሆናለሁ?

ጃንዋሪ 20፣ ማክሰኞ

ከከተማ ስመለስ አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ትላልቅ አዲስ ሰሌን ጠቅልለው፣ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ጀርባቸውን ነው ያየሁት። አንደኛዋ «ዛሬ ውሃም አልወረደላቸውም» አለች። ሌላዋ «ልጆቹ ካሉበት ይምጡ ተብሏል» አለች። ድልድዩ ጋ ወረዱ።

ሰሌን ለለቅሶ ብቻ አይደለም፣ ለሠርግም ይወሰዳል። ስም አልጠሩም። እኔ በመስኮት ዝናቡን እያየሁ ነበር።

የዶሮ ቤቱ በር ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «ከዓለም ምርጡ»። ኧረ የት አባቱ!

ጃንዋሪ 21፣ ረቡዕ

ቤተ ክርስቲያን ቢሮ። ማባዣው ወረቀት ይበላል። ቀለሙ ሊያልቅ ነው። ዲያቆኑ ቁልፉን ይዞ ሊሄድ ቸኩሏል።

በመጨረሻ ሰዓት አንድ መስመር ቀየርኩ። «ከካንዳቩ ጀልባ» ደረቅ ነው፣ ምራቅ አያስውጥም። እንዲህ አደረግሁት፦ «ዓሣው በየቀኑ፣ ከገዛ ባሕራችን!» ይሄ ነው ወግ። ከዓለም ምርጡ ይበሉ እንግዲህ።

ሦስት መቶ ቅጂ። እጄ ጥቁር ሆኗል።

ጃንዋሪ 23፣ ዓርብ

ጠዋት ሁሉንም አደልኩ። ኡናይሲ ዓሣ እየጠረገች አንብባው ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እማዬ፣ እኔ እንዲህ አልኩሽ?»

«ማስታወቂያ ነው፣ ልጄ። ባሕር ባሕር ነው።»

«ይሄ ባሕር የናቱቫ ሰዎች ነው። አንድ ዓሣ ከዚያ አልገዛሁም። ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልበል?»

«ማን ይጠይቅሻል? በዓሣ ላይ ስም አልተጻፈበትም።»

ደስ አላላትም፤ ግን ነገ መክፈቻ ነው፣ ለጠብ ጊዜ የለም። ስድሳ ጎደሬ ልጠን ጨረስን። አንዳንዴ ብድግ ብዬ ወደ ድልድዩ አያለሁ። ምን ፈልጌ እንደሆነ እንጃ።

ጃንዋሪ 24፣ ቅዳሜ

ጠዋት በአንድ ሰዓት ከፈተች። ሰባት ሰው ገባ። ሾርባው ሸተተ፣ መንገድ ድረስ። የፀጉር ቤቱ ልጅ ሁለተኛ ሳህን ጠየቀ። ኡናይሲ ከምድጃው ሥር ሆና ዐይኗን ወደ እኔ ጣለች፣ ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ መቼም አልረሳትም።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ሬድዮው ተናገረ። ራቱ ኤሮኒ ትናንት ማታ አርፈዋል። በደንቡ መሠረት ከትናንት ሌሊት ጀምሮ መቶ ሌሊት እስኪሞላ ባሕራቸው ክልክል ነው፤ መረብ አይጣልም፣ መንጠቆ አይወርድም፣ ዛጎል እንኳ አይነሣም።

አንድ ሽማግሌ ማንኪያውን አስቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ከሳህኑ አጠገብ ያለውን የኔን ወረቀት አየ፣ ከዚያ ኡናይሲን አየ፣ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ጃንዋሪ 25፣ እሑድ

ትናንት ከሰዓት ድስቶቹን ይዘን ለቅሶ ደረስን። የአክስቴ ልጅ አፒሳይ በመኪናው አደረሰን። መንገዱን ሁሉ ካላሾፈብኝ የማይሆንለት ሰው ትናንት አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ።

የናቱቫ ሴቶች ጎደሬውን ተቀበሉ፣ ካሳቫውን ተቀበሉ፣ አመሰገኑ። የዓሣውን ድስት ግን የማንጎው ዛፍ ሥር አስቀመጡት፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ። ስንወጣም እዚያው ነበር። ኡናይሲ «ከካንዳቩ ነው» ልትል አፏን ከፈተች፤ ለቅሶ ቤት ክርክር የለም፣ ዘጋችው።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የዲያቆኑ ሚስት ቲቲሊያ ክንዴን ያዘችኝ። ሰው እየሰማ። «ቪሊማይና፣ ‹ከገዛ ባሕራችን› ያለችሽ ልጅሽ ናት?» አለችኝ። አንድ ነገር መለስኩላትና ዣንጥላዬን ፈልጌ ሄድኩ።

ጃንዋሪ 30፣ ዓርብ

ቀብር። ሕዝቡ ከድልድዩ እስከ መገንጠያው። ጥቁር ለብሰን ዝናብ ላይ ቆምን። ማለዳ ባሕሩ ውስጥ ረጅም እንጨት ተተክሏል፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮ። ከምግብ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ይታያል። ኡናይሲ መጋረጃ ልትሰቅል ነበር። ከዚያ ተወችው።

ፌብሩወሪ 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ እንደገና ከፈተች። ሁለት ሰው። አንደኛው የሲሚንቶ መኪና ሹፌር ነው፣ የሰፈሩ ሰው አይደለም። ዶሮ ቤቱ ግን ሰልፍ። ቀይ መብራቱ በቀንም ይበራል።

አልተኛሁም።

ፌብሩወሪ 7፣ ቅዳሜ

የምግብ ቤቱ በር ላይ የኔ ወረቀት ተለጥፎ አገኘነው። ያቺ መስመር በቀይ ተሰምሮባታል። ኡናይሲ በጥፍሯ ፋቀችው፣ ከነቀለሙ ተላጠ።

እርማት ላውጣ አልኩ።

«አውጪ» አለች። «እውነቱን ብቻ።»

ፌብሩወሪ 13፣ ዓርብ

እርማቱ ወጣ፦ «ዓሣው ከካንዳቩ ጀልባ የሚገዛ ነው፤ ባለፈው የታተመው ስሕተት ነው።» የማን ስሕተት እንደሆነ ለመጻፍ ቦታ አልበቃኝም።

ቲቲሊያ ሱቅ ውስጥ፣ እኔ ከዱቄቱ ጀርባ መኖሬን ሳታውቅ (ወይስ እያወቀች?)፦ «ክልክል ሲሆን ነው ካንዳቩ ትዝ ያላቸው። አይ ልጅቷ! እናቷ ምን ታድርግ፣ የነገሯትን ጻፈች።»

ወጥቼ «ቲቲሊያ፣ ተሳስተሻል» ማለት እችል ነበር። አንድ ኪሎ ዱቄት ታቅፌ ቆምኩ። እስክትሄድ ድረስ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። በኮኮናት ዘይትም አይታሽም።

ፌብሩወሪ 20፣ ዓርብ

ዜና፦ ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ራግቢ። የካህኑ ቤት አጥር ታድሷል። መጠለያው ያፈሳል።

ኡናይሲ ማታ እራት ላይ፦ «ሰው ሁሉ እኔ እንደነገርኩሽ ነው የሚለው። ከየት አመጡት?»

«ሰው ምን የማይለው አለ?»

አየችኝ። ዓሣውን አገላበጥኩት። አጥንት ያለበት አስመሰልኩ።

ማርች 6፣ ዓርብ

የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ። መስኮት ላይ ሳንቃ መታን። ሻማ፣ ውሃ፣ ብስኩት። ሬድዮው ባትሪ ጨረሰ። ኡናይሲ ከምድጃው ይልቅ ለምግብ ቤቷ የስም ሰሌዳ አሰበች፣ በአንሶላ ጠቅልላ ወደ ቤት አመጣችው። እስካሁን ተስፋ አልቆረጠችም ማለት ነው? ወይስ ይዛው ልትሄድ ነው?

ማርች 9፣ ሰኞ

አውሎ ነፋሱ ወደ ደቡብ አለፈ። የሰው ሙዝ ሁሉ ወድቋል። ቤት ተዘግተን ሦስት ቀን ስንቀመጥ ካርታ ተጫወትን፣ ደጋግማ አሸነፈችኝ፣ ሳቅን። ሻንጣዋ ላይ ግን የሆቴሉ ደብዳቤ ነበር። አልከፈትኩትም። ክፍት ነበር። እስከ 30 ኤፕሪል መልስ ስጪን ይላል።

ጭልፋዋን ሻንጣው ውስጥ አየኋት። የራሷን ጭልፋ።

ማርች 14፣ ቅዳሜ

እሺ። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

ቲቲሊያ ስትጠይቀኝ ያልኩት ይህ ነው፦ «ልጆች የነገሩኝን ነው የምጽፈው።» እንዲህ ነው ያልኩት። ቃል በቃል። በሳቅ ነው ያልኩት ደግሞ።

ውሸት ነው ብለህ ብትይዘው አይያዝም። ለዚህ ነው የመረጥኩት። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ በልጄ ጀርባ ተደበቅሁ። ቲቲሊያ ወሬኛ ናት እላለሁ፤ የምታወራው እኔ የሰጠኋትን ነው። ልጄን ለመያዝ ስል ያንን መስመር ጻፍኩ፣ ራሴን ለማዳን ስል ደግሞ አሳልፌ ሰጠኋት። ወይኔ፣ ምን ዓይነት እናት ነኝ?

ስለ አውቶቡሱ ሌላ ጊዜ።

ማርች 20፣ ዓርብ

አፒሳይ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳው ላይ መረቡን እየጠገነ ነበር፣ የማይጥለውን መረብ።

«መጣች ሬድዮዋ!» አለ። «ባትሪሽ ገና አላለቀም?»

«ዝም በል፣ ጥርስ የሌለው ሻርክ። ሥራ አለኝ ለአንተ።»

የያዝኩትን ሳጥን ከፈትኩለት። ለጋብቻም ለይቅርታም የሚቀርበው የዓሣ ነባሪ ጥርስ ነው፤ የባሌ ዘመዶች እኔን ሊጠይቁ ሲመጡ ለአባቴ የሰጡት። አባቴ ሲሞት ለኔ ቀረ። ለኡናይሲ ቀን አስቀምጬው ነበር። አፒሳይ ሲያየው ሳቁ ጠፋ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ተቀበለኝ።

«ስንት ሳምንት ሙሉ ስጠብቅሽ!» አለ። «በወረቀት እርማት ታወጫለሽ እንዴ? ባላባት ሞቶ፣ ባሕር ተዘግቶ፣ ‹ስሕተት ነው› ብለሽ ከእግር ኳስ ዜና ሥር? ይቅርታ በእግር ተሄዶ፣ መሬት ተቀምጦ ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን አለ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ፈራሁ፣ አፒሳይ።»

«እኔ እናገራለሁ፤ ያጠፋ ሰው አፉን አይከፍትም፣ ከኋላዬ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ማን አጠፋ ልበል?»

«ቤታችን አጠፋ በል» አልኩት። አየኝ፤ ደግሞ አልጠየቀኝም። እኔም ደግሜ አልተናገርኩም።

ማርች 27፣ ዓርብ

ይቅርታ የምንጠይቀው ነገ ነው። ኡናይሲም ትመጣለች። «ለምግብ ቤቱ ከሆነ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ይባል፣ ምን ቸገረኝ» አለች ልብሷን እየተኮሰች። «አንቺ ባላባቱ መቼ እንደሚሞቱ በምን አውቀሽ? ሰው ሲሞት ተገጣጠመ እንጂ።»

ካውያው ቀሚሱ ላይ ሲሄድ አየሁ። «ልክ ነሽ» አልኩ። ልክ ነሽ!

ማርች 28፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ሁሉንም በተራ ልጻፈው።

የባላባቱ ትልቅ ቤት ውስጥ ገባን። ሽማግሌዎቹ ከላይ፣ እኛ ከበሩ ሥር፣ ጫማ አውልቀን። ባላባቱ ከሞቱ ወዲህ ቤቱን የያዙት እህታቸው አዲ ላኒያና ናቸው። ሰማንያ ዓመታቸው፣ ቀጥ ብለው ነው የሚቀመጡት። ቲቲሊያ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ነበረች።

አፒሳይ ጥርሱን በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳለው ስልሳ ዓመት ስንቀላለድ አላውቅም ነበር። «ከዝቅተኛው ቦታ ሆነን ነው የምንናገረው» አለ። «ሐዘናችሁ ላይ ጠጠር ጥለናል። ልጅ ናት፤ ብዙ ዓመት ውጭ አገር ኖራ ደንቡን ዘንግታ ነው። ያለችው ቃል በዚህች ጥርስ ሥር ይቀበር።»

ልጅ ናት። እኔ እንዲህ በል አላልኩትም። አትበልም አላልኩትም።

ኡናይሲ ከፊቴ ነበረች። አንገቷን ደፍታ። አንገቷ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ ያለች የፈላ ውሃ ጠባሳ አለች፤ እሷን አየሁ። ያን ጊዜም ድስቱን ጫፍ ላይ የተውኩት እኔ ነበርኩ፣ ለሐኪሙ «ጎትታው ነው» ያልኩት እኔ ነበርኩ።

«አይደለም» አልኩ።

አፒሳይ ሳይዞር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቪሊ፣ ዝም» አለኝ። ወግ አይደለም፤ ተናጋሪ እያለ ማንም አይናገርም። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ።

«አይደለም። እሷ ከካንዳቩ ጀልባ ነው ያለችኝ። አትጨምሪ ብላኛለች። ከገዛ ባሕራችን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዶሮ ቤቱን ልበልጥ ብዬ። ቲቲሊያ ስትጠይቀኝም በልጄ አሳበብኩ። የሷ እጅ የለበትም።»

ቲቲሊያ አፏን በእጇ ያዘች።

አዲ ላኒያና ጥርሱን አልነኩም። «ሌላስ?» አሉኝ።

«ሌላ የለም፣ እሜቴ።»

«አስቢ።»

«የለም፣ እሜቴ።»

«ወንድሜ ባረፈበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ በአውቶቡስ ሰሌን ይዤ ከፊትሽ ተቀምጬ ነበር» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «በሹፌሩ መስታወት አይቼሻለሁ። ስናወራ ጆሮሽን አቁመሽ ሰማሽ። ውሃም አልወረደላቸውም ስል ደግሞ ፊትሽን ወደ መስኮት መለስሽ። ወረቀቱ የሚባዛው ረቡዕ ነው አይደል?»

«ረቡዕ ነው፣ እሜቴ።»

«ታዲያ አውቀሽ ነበር።»

«አውቄ ነበር። ማንን እንደሆነ አውቄ ነበር። ከሞቱ ባሕሩ እንደሚዘጋም አውቄ ነበር። ቢያንስ ቅዳሜ እስኪያልፍ ይቆያሉ ብዬ ነው... እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲቆዩ የጸለይኩት ለሳቸው ብዬ አይደለም።»

ኡናይሲ ዞራ አየችኝ። ከዚህ በላይ ስለዚያ አልጽፍም።

አዲ ላኒያና፦ «ወረቀትሽን ዓርብ ጠዋት ለወንድሜ አንብበንለት ነበር» አሉ። «‹ከገዛ ባሕራችን› የሚለው ጋ ስንደርስ ዐይኑን ገለጠ። ‹ማን ጽፎት ነው?› አለ። ቪሊማይና አልነው። ‹እሷ ካለችው ግማሹን ቀንሱ› ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ልቆጣሽ ስነሣ ያ ሳቅ እየመጣ ያዘኝ እንጂ በሁለተኛው ቀን አስጠርቼሽ ነበር። በራስሽ እግር ትመጪ እንደሆነ ልየው አልኩ።»

ጥርሱን ተቀበሉ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጎድጎድ አድርገው አጨበጨቡ። ከሥር የሚጨመቀው መጠጥ፣ ያንጎናው፣ ተቀዳ፤ ጽዋው ሲደርሰኝ ግማሹን ልብሴ ላይ አፈሰስኩት።

ልንወጣ ስንል አዲ ላኒያና በድጋሚ ጠሩን። «በመቶኛው ሌሊት ባሕሩ ሲከፈት የሚወጣውን የመጀመሪያ ዓሣ ልጅሽ ታበስለዋለች» አሉ። «አንቺ ካሳቫ ትልጫለሽ። እና ቪሊማይና፣ አትጻፊው።»

ኡናይሲ የአፒሳይ መኪና ውስጥ አልገባም አለች። በእግሯ ድልድዩን ተሻገረች፣ እኔም ከኋላዋ፣ ዣንጥላውን ላስጠጋላት እየሮጥኩ። መሃል ላይ ቆመች።

«ሰሌኑን አይተሽ ነበር?»

«አይቼ ነበር።»

«እኔ ዓርብ ስድሳ ጎደሬ ስልጥ፣ አንቺ እያወቅሽ አብረሽኝ ትልጪ ነበር?»

«አዎ።»

እንድትቀሪ ብዬ ነው ልላት ነበር። ያን ብላት ግን ይሄንንም በሷ ላይ መጫን መሰለኝ። ዣንጥላውን አልወሰደችም።

ኤፕሪል 3፣ ስቅለት

ታናግረኛለች። «በሩን ዝጊ።» «ሳሙና አልቋል።» እንዲህ እንዲህ ብቻ።

ቲቲሊያ ምግብ ቤቱ ገብታ በላች፣ ሁለት ጊዜ። ሰው እንዲያያት በሩ አጠገብ ተቀመጠች። በየሱቁም ራሷ ዞራ ተናገረች፣ «ልጅቷ ንጹሕ ናት» እያለች። ወሬኛ ናት ብያት ነበር። እኔ በሦስት መቶ ቅጂ ያላደረግሁትን በአንድ ጠዋት አደረገችው።

ኤፕሪል 17፣ ዓርብ

ዛሬ አራቱም ጠረጴዛ ሞልቶ ሰው ቆሞ ጠበቀ። ከመንገድ ማዶ ሆኜ ቆጠርኩ። አልገባሁም፤ አልጠራችኝም።

ለወረቀቱ እንዲህ ጻፍኩ፦ «በጃንዋሪ ስለ ኡናይሲ ምግብ ቤት የታተመው ውሸት የኔ የቪሊማይና ነው። አውቄ የጻፍኩት ነው።» ከፊት ገጽ፣ ከላይ። እጄ ሦስት ጊዜ ሊያሳጥረው ሞከረ።

ኤፕሪል 29፣ ረቡዕ

ነገ የሆቴሉ ቀን ነው። ሻንጣው አልጋዋ ሥር የለም። የት እንደሄደ አልጠየቅኩም። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወደ ላይ አያለሁ፣ እንደ ሞኝ።

ኤፕሪል 30፣ ሐሙስ

ምንም አላለችም።

ሜይ 2፣ ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ እንጨቱን ከባሕሩ ነቀሉት። ጨርቁ አመድ መስሏል። ከዚያ

አይ። አትጻፊው ተብያለሁ። በገዛ ደብተሬም አልጽፈውም።

የዚህ ሳምንት «የዳርቻው ወሬ» እንዲህ ነው፦ ዶሮ ቤቱ ዋጋ ቀንሷል። የራግቢ ቡድኑ ተሸንፏል። የአውቶቡስ መጠለያው ጣሪያ፣ ተመስገን፣ ተጠግኗል። አለቀ።

ይህን ግን ማንም አልከለከለኝም። ሁሉም ካለቀ በኋላ ከትልቁ ቤት ጀርባ ተቀምጬ ቢላዬን ሳጥብ ኡናይሲ መጣች። ፊቷ በእሳቱ ጥቀርሻ ጠቁሯል። አጠገቤ ቁጢጥ አለችና ያላለቀውን የካሳቫ ክምር አየች።

«ወፍራም ነው የምትልጪው» አለች። «ግማሹን ከልጡ ጋር ጣልሽው።»

«ዐይኔ ደከመ።»

«ሆቴሉ ትናንት መለሰልኝ» አለች። «ቦታውን ለሌላ ሰጥተናል ይላሉ።»

«ዘግይተሽባቸው ነው?»

«አይ። ሐሙስ ጠዋት አልመጣም ብዬ ጽፌላቸው ነው።»

አፌን ልከፍት ስል እጇን አነሣች። «ምንም እንዳትዪ። ገና ተቆጥቻለሁ። ረጅም ጊዜ እቆጣለሁ።»

«ተቆጪ።»

ቢላዬን ከእጄ ወሰደችና ስለቱን በአውራ ጣቷ ሞከረችው።

«ይሄ አይቆርጥም። ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነይ፣ ካሳቫ የሚልጥልኝ ሰው የለኝም። ቢላሽን ስለሽ ነይ።»

ቢላው ተስሎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ለማንም አልነገርኩም።